ስም የሌለው ቅልጥም

የሞተ ሰው አጥንት በሕያው ሰው እግር ውስጥ ገብቶ ሲያድር፣ ባለቤቱስ የት ይሆን የሚያድረው?

እማማ ካንዲዳ ይህን ማንን እንደሚጠይቁ አላወቁም። ቄሱን እንዳይጠይቁ፣ ቄሱ ገና ወጣት ነው፤ ይስቃል። ዶክተሩን ጠይቀውት ነበር። እሱ አልሳቀም፣ ግን የመለሰላቸው የሌላ ጥያቄ መልስ ነበር። ስለዚህ ጥያቄውን በሆዳቸው እንደያዙ፣ ወንበራቸውን ከቤቱ በር ጋር አጣብቀው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ሳህን አለ፣ ሳህኑ ውስጥ ያልተፈለፈለ ቦሎቄ። ምሳ ተበልቶ፣ ናፖሊ በሙሉ መስኮቱን ዘግቶ የሚጋደምበት ሰዓት ነው። ከወዲያኛው ክፍል የልጅ ልጃቸው የፋቢያና ትንፋሽ ይሰማቸዋል፤ ረዘም ይላል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ይረዝማል። ቆም ባለ ቁጥር የእሳቸውም ጣቶች ቦሎቄው ላይ ይቆማሉ።

ነገሩ የመጣው በዝናብ ነው። ፋቢያና ከሥራ ስትመለስ ሞተሯ በረጠበው የድንጋይ መንገድ ላይ ተንሸራቶ እግሯ ላይ ወደቀ። የቀኝ ቅልጥሟ ተሰበረ ማለት አይበቃም፤ ደቀቀ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ሐኪሞቹ የሞተውን አጥንት እየፋቁ አወጡ፤ በመጨረሻ መካከሉ ላይ ባዶ ቀረ፣ የእማማ ካንዲዳን አውራ ጣት የሚያህል ባዶ። ዶክተር ኢያኔሊ ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ ሲያሳያቸው፣ እሳቸው ያዩት አጥንቱን ሳይሆን ያንን ክፍተት ነበር። በሩን ሳይዘጉ ትተውት የሄዱት ቤት መሰላቸው። ማንም ዘው የሚልበት።

«እዚህ ጋ ርብራብ እናቆማለን» አለ ዶክተሩ። «ሕንጻ ሲሠራ እንደሚቆመው ማለት ነው። የልጅቷ አጥንት ርብራቡ ላይ እየተንጠላጠለ ያድጋል፣ ክፍተቱን ይሞላል። ርብራቡን ደግሞ ሰውነቷ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውሎ አድሮ የሚቀረው የራሷ አጥንት ብቻ ነው።»

«ዶክተር፣ እኛ ሰፈር ርብራብ ከቆመ አይነሣም።»

እውነታቸውን ነው። ከድሮው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የመንገዳቸውን ሁለት ግድግዳዎች አንዱ በሌላው ላይ እንዳይወድቅ በብረት ቧንቧ የደገፏቸው ሰዎች «ለጥቂት ወር ነው» ብለው ነበር። ያኔ የፋቢያና እናት ራሷ ልጅ ነበረች። ዛሬ ቧንቧው ላይ ልብስ ይሰጣል፣ ርግብ ጎጆ ይሠራል።

ፋቢያና ከነሕመሟ ሳቀች። ዶክተሩም ሳቀ። እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ከምንድን ነው የሚሠራው?»

«ከአጥንት ነው፣ እማማ። ሰዎች ሲሞቱ ይለግሱታል። ደሙ፣ ስቡ፣ መቅኒው ሁሉ ታጥቦ ይወጣና ባዶ ቀፎው ይቀራል። ማሩ የወጣለት የማር እንጀራ በሉት።»

«የማን አጥንት?»

«አይታወቅም፤ ሕጉም እንድናውቅ አይፈቅድም። ታጥቦ የጸዳ ነው እያልኩዎ፤ አሁን የማንም አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ አጥንት የለም፣ ልጄ» አሉ። ዶክተሩ ግን ሌላ በሽተኛ ጠርቶት ሄዷል።

እማማ ካንዲዳ አጥንት ያውቃሉ። በእነሱ አገር ሰው አንዴ ተቀብሮ አይቀርም። መጀመሪያ አፈር ይገባል፤ አፈሩ ሥራውን ሲጨርስ ቤተሰብ ይጠራና ይወጣል፣ አጥንቱ በአልኮል ይታጠባል፣ በነጭ አንሶላ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ስሙ ተጽፎ ግድግዳ ውስጥ ካለች ትንሽ ክፍት ቦታ ያርፋል። የገዛ ልጃቸውን፣ የፋቢያናን እናት ሮሳልባን፣ እንዲህ አድርገው ነው ያሳረፏት። መጀመሪያ የሄዱ ዕለት ቀባሪው ሳጥኑን ገለጥ አድርጎ አየና መልሶ ከደነው። «ገና ናት፣ እናቴ። ትተኛ። ያልደረቀ አይነካም፤ ከነኩት ይቀየማል» አላቸው። በሌላ ክረምት ተመለሱ። ያን ጊዜ የሮሳልባን ቅልጥም በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ሕፃን አጠቡት። ቀላል ነበር። ምን ያህል ቀላል እንደነበር ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ከሰፈሩ በላይ ባለው ዋሻ ውስጥ ደግሞ በጥንት ወረርሽኝ ያለቁ ሰዎች ራስ ቅል ተደርድሮ አለ። ስማቸው ከነዘራቸው ጠፍቷል። የሰፈሩ ሴቶች ከመካከላቸው አንዱን «የኔ ነው» ብለው ይይዙታል፤ ይወለውሉታል፣ ይጸልዩለታል። እሱም በሕልም እየመጣ ውለታውን ይመልሳል። ስም የለሽ ሙት የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ከሚያነጻው እሳት ትንሽ መቀዝቀዝ፣ ትንሽ ዕረፍት። ይህን የነፈጉት ቤት ሰላም አያገኝም ይባላል። እማማ ካንዲዳ ይህን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል።

ሰውየው የመጣው ፋቢያና ከሆስፒታል ወጥታ ብዙም ሳትቆይ ነው። ቀትር ነበር። እማማ ካንዲዳ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓቸው ነቁ፤ ወይም አልነቁም፣ እሱን እግዜር ይወቀው። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ቆሟል። ጎልማሳ ነው። ግራጫ ሱሪ ለብሷል፤ ቀኝ እግሩ ጋ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ባዶውን ተንጠልጥሏል። በአንድ እጁ ግድግዳውን ተደግፏል። በሌላው እጁ አንድ ጫማ ይዟል፤ ቡናማ፣ ተረከዙ የተበላ፣ ክሩ የተፈታ። ፊቱ በሚሄድ አውቶቡስ መስኮት እንደሚታይ ፊት ነው፤ ልያዝህ ሲሉት ያልፋል።

እማማ ካንዲዳ ዓይናቸውን ጭፍን አደረጉ። «ጌታ ሆይ፣ የዘላለም ዕረፍት ስጠው፣ የዘላለም ብርሃን ይብራለት» አሉ፤ ከንፈራቸው ብቻ እየተንቀሳቀሰ። ሲገልጡ ማንም የለም። ተነሥተው እጁን ያሳረፈበትን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱት። የበጋ ቀትር ነው፤ ግድግዳው በሙሉ ለብ ብሏል። ያቺ ቦታ ግን ቀዝቅዛ ነበር።

ምድር ቤት ለምትኖረው ለቲቲና ነገሯት። ቲቲና በዋሻው ሙታን ነገር ከእሳቸው የባሰች ናት።

«ቁጥር ሰጠሽ?» አለች መጀመሪያ። ሙታን በሕልም ሲመጡ የሎተሪ ቁጥር ማቀበል ልማዳቸው ነውና።

«አንቺ ደግሞ! ሰውዬው እግር የለውም እላታለሁ፣ እሷ ሎተሪ ትለኛለች!»

«እግር የሌለው ሰው ራሱ እኮ በሎተሪው የሕልም መፍቻ ላይ ቁጥር አለው፣ እትዬ ካንዲዳ። ቆይ ላስታውሰው…»

«ቲቲና!»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪኝ። ጫማውን አውልቆ ነው የያዘው?»

«ይዞታል።»

«ታዲያ ምኑ ያስጨንቃል? ጫማውን ያወለቀ ሰው ምን ይፈልጋል? መተኛት ነዋ! ደክሞት በተኛበት ቀስቅሰው፣ ቆራርጠው፣ አጥበው፣ ሰው እግር ውስጥ ወሸቁት። እኔ ብሆን ጎረቤቱን ሁሉ አላስተኛም ነበር። ውሃ አስቀምጪለት፣ ጸልዪለት። ልጅቷም እንዳትረግጠው። ከረገጠችው ይነቃል። ከነቃ ደግሞ እግሩን ይዞ ወደ መጣበት ነው።»

ቲቲና የተናገረችው እማማ ካንዲዳ ራሳቸው ሲፈሩት የቆዩትን ነው። ያን ዕለት ከሮሳልባ ፎቶ ሥር አንድ ብርጭቆ ውሃ አኖሩ። ለፋቢያና አጥንት ይጠግናል እያሉ የሚሠሩትን የቅልጥም ሾርባም ተዉት።

ችግሩ ዶክተሩ ሌላ ነገር ማዘዙ ነበር። «ስፌቱ ሲድን ትረግጣለች» ብሎ ነበር ሲያሰናብታቸው። «መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ እየጨመረች። አጥንት ሰነፍ ነው፣ እማማ፤ ካልጠሩት አይመጣም። የሚጠራው ደግሞ ክብደት ነው። ካልረገጠች ያቆምነው ርብራብ ባዶውን ይቀራል።» የምታስረግጣት ደግሞ ሎሬዳና የምትባል የፊዚዮ ባለሙያ ነበረች፤ ክንደ ብርቱ፣ ድምፅዋ ከራሷ ቀድሞ ደረጃ የሚወጣ። እማማ ካንዲዳ «ወጌሻዋ» ነው የሚሏት።

«እማማ ካንዲዳ! ያቺን ሰነፍ አስነሡልኝ!»

በሩን ትንሽ ከፈት አደረጉና አፍንጫቸውን ብቻ አወጡ። «የለችም፣ ልጄ። አክስቷ ጋ ገጠር ሄዳለች። አየሩ ይሻላታል ብለን።»

«በየትኛው እግሯ ሄደች?»

«በመኪና ነዋ!»

«ውስጥ የሚዘፍነውስ ማነው?»

«ቴሌቪዥኑ ነው።»

«እንዲህ ያለ የጎረምሳ ዘፈን እርስዎ ነዎት የሚያዳምጡት?»

«ምነው፣ አሮጊት ጆሮ አልፈጠረባትም?»

ሎሬዳና እየሳቀች ወረደች። ደግማ ስትመጣ ግን አልሳቀችም። ከዚያ በኋላ ስልክ ትደውል ጀመር፤ የተሰጣት የእማማ ካንዲዳ ቁጥር ነው፣ እማማ ካንዲዳ ደግሞ ስልኩን ትራስ ሥር ይወሽቁታል።

«ወጌሻዋ ምን አለች?» ትላለች ፋቢያና ከአልጋዋ።

«ገና ነው አለች። ይተኛ አለች።»

ፋቢያና ዓይኗን ትከድናለች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ ይታያል። መርገጡን ከሞት ይልቅ ትፈራው ነበር። በተኛች ቁጥር ያ የአጥንቷ መፈርከስ ይሰማኛል ትላለች። እማማ ካንዲዳም የተናገሩት የማን ቃል እንደሆነ ያውቁታል፤ የቀባሪው ነው። ግን ምን ክፋት አለው? አፈር እንኳ ጊዜ ይሰጠዋል። ስም የሌለው ሙትስ?

ሰውየው አልቀረም። ውሃው አላረካውም፣ ጸሎቱም። ከተማው ጸጥ ሲል ይመጣል፤ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ጫማውን ይዞ። እማማ ካንዲዳ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ይጸልያሉ፣ እስኪሄድ አይገልጡም። ወንበራቸውን ከበሩ ጋር ያጣበቁት ያን ጊዜ ነው። እሱ እግሩን ይዞ እንዳይወጣ ይሁን እሷ እንዳትወጣ፣ ለራሳቸውም ለይተው አልነገሩት።

አንድ ቀን ትራሱን ሊቀይሩ የልጅቷን እግር በሁለት እጃቸው አነሡት። ባቷ ከስቶ ነበር፤ ቆዳው ብቻ አጥንቱ ላይ ተሸብሽቧል። ብድግ ሲያደርጉት እጃቸው ከጠበቁት በላይ ሽቅብ ሄደ። ቀላል ነበር። እዚያው ደንገጥ ብለው ቆሙ። ይህን ቅለት አንድ ቦታ ያውቁታል።

«ምነው እማማ?»

«ምንም፣ ሆዴ። ትራሱ ተሸብሽቦ ነው።»

ዶክተሩ የቀጠራቸው ቀን ደረሰ። ታክሲው ውስጥ እግሯን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ሹፌሩን በየጉድጓዱ እየረገሙ ሄዱ። ዶክተር ኢያኔሊ አዲሱን ራጅ ከአሮጌው ጎን ሰቀለው። ብዙ አየው። መነጽሩን አወለቀ።

«እንዳቆምነው ነው ያለው» አለ። «ምንም አልገባበትም። ከዳርና ከዳር ያለው የራሷ አጥንትም እየሳሳ ነው። ፋቢያና፣ ስንት ኪሎ ያህል ነው የምትረግጪው?»

«ገና አልጀመርኩም። ሎሬዳና ይተኛ ብላ የለ?»

ሎሬዳና በሩ ጋ ቆማ ነበር፣ እጇን አጣምራ። «እኔ ነኝ ይተኛ ያልኩት? ደጋግሜ መጥቼ ገጠር ሄዳለች ተባልኩ። የተደወለውን ስልክ ቤቱ ይቁጠረው።»

እማማ ካንዲዳ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ወለሉን አዩ። የልጅቷ ዓይን ጉንጫቸውን ሲያቃጥለው ይሰማቸዋል።

«ስሚኝ» አለ ዶክተሩ ወደ ልጅቷ ብቻ ዞሮ። «አሁንም ጊዜ አለ፣ ግን ብዙ አይደለም። አሁን መርገጥ ከጀመርሽ ሊይዝ ይችላል። እንዲሁ ተኝተሽ ከሰነበትሽ ግን ርብራቡን አውጥቼ እግርሽን ለማሳጠር ነው የምገደደው። እሱም ካልሆነ…» ቃሉን አልጨረሰውም። እጁን ብቻ ከጉልበቱ በታች አሳረፈ፤ ልክ የዚያ ሰውዬ ሱሪ ባዶውን በተንጠለጠለበት ቦታ።

«ነገ ከምሳ በኋላ እግር የማሠራበት ክፍሌ ባዶ ነው» አለች ሎሬዳና። «ያንቺው መንገድ ጫፍ ነው። ከመጣሽ እጠብቅሻለሁ። አንቺው ራስሽ ግን ነይ፤ እኔ ሁለተኛ ያንን በር አላንኳኳም።»

ቤት ገቡ። ፋቢያና አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ፣ ክራንቿን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ልጠብቅሽ ብዬ ነዋ! ምን በወጣኝ እጎዳሻለሁ? እናትሽን በእጄ አጥቤ ቀብሬ፣ አንቺን ደግሞ…»

«ከምንድን ነው የምትጠብቂኝ?»

እማማ ካንዲዳ ኮሪደሩን ገልመጥ አደረጉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ከባለቤቱ።»

«ከማን?»

«ከአጥንቱ ባለቤት። ይመጣል፣ ልጄ። አትሳቂብኝ። ዕረፍቱን ነው የሚፈልገው፤ ከረገጥሽው ይነቃል፣ ይወስደዋል። አንቺንም…»

ፋቢያና አልሳቀችም።

«ጫማ የያዘው?» አለች።

«ቲቲና ነገረችሽ! ያቺ ወሬኛ!»

«ቲቲና ምን ታውቃለች። ቀትር ላይ ነው የሚመጣው። አንቺ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ፤ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ። እኔ አልጨፍንም። ጫማውን እኮ ወደ እኔ ነው የሚዘረጋው፣ እማማ። መጀመሪያ ፈርቼው ነበር። አሁን ያሳዝነኛል። እንደዘረጋ ቆሞ ቆሞ፣ ክንዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የሚሄደው።»

እማማ ካንዲዳ ተነሥተው ወጡ። ቲቲናን ወርደው ሊጠይቋት ነበር፣ ነግረሻታል ወይ ብለው። ደረጃው ጋ ደርሰው ተመለሱ። ነግሬያታለሁ ብትላቸው ምን ይለወጣል? አልነገርኳትም ብትላቸውስ? ከሮሳልባ ፎቶ ሥር ያለውን ውሃ ደፍተው በአዲስ ቀየሩት፤ ሌላ የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ፎቶዋን ሲያዩ፣ ሮሳልባ በሕይወቷ አንድም ቀን ቀስ ብላ ደረጃ ወርዳ እንደማታውቅ ትዝ አላቸው። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ «ልጄ ቀስ!» እያሉ ነው ያሳደጓት። ሞተር አይደለም የገደላት፣ ደረጃም አይደለም። አልጋዋ ላይ ተኝታ ነው የሞተችው።

በማግስቱ ምሳ ተበላ። ፓስታው በቦሎቄ ነበር፤ ፋቢያና ሳህኗን ጠርጋ በላች። ጎረቤት መስኮቱን ዘጋ፣ መንገዱ ጸጥ አለ፣ ቧንቧዎቹ ላይ የተሰጣው ልብስ እንኳ መወዛወዝ ተወ። እማማ ካንዲዳ እንደ ልማዳቸው ወንበራቸውን ከበሩ ጋር አጣብቀው ተቀመጡ። ዛሬ ዓይናቸውን ላይጨፍኑ ለራሳቸው ምለዋል።

ከወዲያኛው ክፍል አልጋው ሲንቋቋ ሰሙ። ከዚያ ክራንች። ከዚያ ሌላ ድምፅ፤ ከዝናቡ ቀን ወዲህ ይህ ቤት ያልሰማው፣ ጫማ ወለል ሲነካ።

ፋቢያና ኮሪደሩ ላይ ወጣች። ፀጉሯን አስራለች። ካልሲ ብቻ ሆኖ የከረመው ቀኝ እግሯ ጫማ አድርጓል፤ ክሩ በደንብ ተቋጥሯል። በሁለቱም ክራንች ተደግፋ ያንን እግር ትንሽ ታስነካለች፣ ፊቷ ይጨማደዳል፣ ታነሣዋለች፣ እንደገና ታስነካዋለች። ሰውየው ይቆምበት የነበረው ቦታ ስትደርስ ደከማትና በመዳፏ ግድግዳውን ያዘች፤ ልክ እሱ ይይዝበት በነበረው ቦታ። እማማ ካንዲዳ ከኋላዋ ያለውን ኮሪደር ተመለከቱ። ዓይናቸውን አልጨፈኑም። ማንም አልነበረም። ማንም አለመኖሩ ግን ከመኖሩ ይልቅ አስፈራቸው።

«ገና ነው» የሚለው ቃል ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። እጃቸው ግን ያንን ቅለት አልረሳም፤ የሮሳልባንም፣ የዚችንም። ቃሉን ከምራቃቸው ጋር ዋጡት። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣ ወንበሩን ጎተቱ፤ እግሩ ወለሉን እየፋቀ ጮኸ። በሩ ተለቀቀ።

ፋቢያና አየቻቸው። ይቅርታም አልነበረበትም ዓይኗ፣ ቁጣም አልነበረበትም፤ መንገድ ያለበት ሰው ዓይን ነበር። በክርኗ እጀታውን ተጭና ከፈተችው፣ ክራንቿን አስቀደመች፣ እግሯን አስከተለች፣ ወጣች። ደፉ ላይ ቆም ብላ በሩን በትከሻዋ ያዘችው፤ ከኋላዋ የሚከተላትን ሰው እንደምታሳልፍ፣ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ ለቀቀችው።